ዋስ ያጣ ወሬ

«ይህ ፌስቡክ የሚሉት ነገር ሕዝቡን አበላሸው!» የማይል ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል። በታክሲ ውስጥ፣ በልቅሶ ድንኳን፣ በቡና ስኒ ዙሪያ ይህ አባባል እንደ ዳዊት ይደገማል። አንዱ ቴሌግራምን፣ ሌላው ቲክቶክን ይወቅስ ይሆናል፤ ክሱ ግን ያው ነው። ጨዋ የነበረ ሕዝብ በአንድ ጀንበር ተሳዳቢና ወሬኛ ሆነ ነው የሚባለው።

ለመሆኑ ነገሩ እውነት ነው? ከፌስቡክ በፊት ሐሜት አልነበረም? አሉባልታስ? ፉከራስ? ስም ማጥፋትስ? የአገራችንን ታሪክ ላገላበጠ ሰው መልሱ ሩቅ አይደለም። ዛሬ በስልክ መስኮት የምናያቸው የሰው ዓይነቶች፣ ነጋሪው፣ ፎካሪው፣ አልቃሹ፣ ተሟጋቹ፣ ስሙን ሸሽጎ ጠቋሚው፣ ዝም ብሎ ተመልካቹ፣ ሁሉም በአያቶቻችን ዘመን ነበሩ። አንዳንዶቹማ የታወቀ ቦታና የታወቀ ሥርዓት ነበራቸው። ታዲያ ምን ተለወጠ? እነሆ አንባቢ ሆይ፣ እነዚህን ሰዎች አንድ በአንድ እየጠራን የጥንቱን ከዛሬው እናስተያይ።

ስሙ ቀርቶ ትርጉሙ የጠፋ ሰፈር

የምኖረው ሲ.ኤም.ሲ ነው። ከመገናኛ ተነስቶ በጉርድ ሾላ በኩል ወደ አያት የሚሄደው መንገድና በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የምሥራቅ ምዕራብ የከተማ ባቡር የሚያቋርጡት፣ በስተሰሜን የየካና የእንጦጦ ተራሮች የሚታዩት ሰፈር ነው። የሰፈሩ ስም ራሱ ስለ ወሬ አካሄድ አንድ ነገር ያስተምራል። «ሲ.ኤም.ሲ ማለት ምን ማለት ነው?» ብለው ነዋሪውን ቢጠይቁ ብዙው «የሰፈር ስም ነዋ!» ይልዎታል። የጥንት ነዋሪ ካጋጠመዎት ግን «የጣሊያኖቹ ካምፕ ነበር» ይላል። እውነቱም ይኸው ነው። ሦስቱ ፊደላት እ.ኤ.አ. በ1901 ራቬና በምትባል የጣሊያን ከተማ የተመሠረተ የግንበኞችና የሲሚንቶ ሠራተኞች የኅብረት ሥራ ማኅበር ስም ምሕጻር ናቸው። ማኅበሩ በደርግ ዘመን እዚህ አገር የሥራ ተቋራጭ ሆኖ ሲሠራ ስሙን ለሰፈሩ ትቶለት ሄደ።

እንግዲህ ልብ ይበሉ። ስሙ ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ ዛሬ የባቡር ጣቢያ ስም፣ የቤተ ክርስቲያን መጠሪያ፣ የቤት ደላላ ማስታወቂያ ሆኗል። ከየት እንደ መጣ የሚነግረው ክፍል ግን በመንገድ ላይ ተንጠባጥቦ ቀርቷል። ወሬም እንዲሁ ነው። አካሉ ይደርሳል፤ ምንጩ ይቀራል።

ዛሬ በሲ.ኤም.ሲም ሆነ በሌላው ሰፈር ከኮንዶሚኒየም እስከ አጥር ግቢ የራሱ የቴሌግራም ግሩፕ የሌለው ነዋሪ ማኅበር ጥቂት ነው። እኔ ባለሁበት ግሩፕ ጠዋት ጠዋት የዕለቱን ቅዱስ ሥዕል የሚልክ አለ። «ውሃ መጥቷል፣ በርሜላችሁን ሙሉ» የሚል አለ። «ይህን ለ20 ሰው ካልላክህ» እያለ የሚያስፈራራም አልጠፋም። በጥበቃ ክፍያ ጉዳይ ሌሊት ስድስት ሰዓት ድረስ የሚከራከር አለ። ከመቶ ሰው በላይ ደግሞ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ያነባል። የአንድ ሕንፃ ነዋሪ ሲሆን እንዲህ ከሆነ፣ የአንድ አገር ሕዝብ ሲሆን ምን ሊመስል እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ነጋሪው

የአዋጅ ነጋሪ ሥራ ምን እንደ ነበረ ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረናል። ገበያ በሞላበት ቀን ነጋሪት ይጎሰማል፤ ሕዝቡ ይሰበሰባል፤ አዋጁ ይነገራል። «የሰማህ ላልሰማህ አሰማ» የሚለው አነጋገር የዚህ ሥርዓት ቅሪት ነው። አንባቢ ሆይ፣ «ሼር አድርጉ» ከዚህ በምን ይለያል? በመስከረም 1888 ዓ.ም. የአፄ ምኒልክ የክተት አዋጅ ከአዲስ አበባና ከእንጦጦ አካባቢ ተነስቶ አገሩን ያዳረሰው ባብዛኛው በዚሁ መንገድ ነው። ገበያተኛው የሰማውን ይዞ ወደየመንደሩ ገባ፤ ጦሩም ወደ ሰሜን ተመመ።

ነገር ግን አንድ ትልቅ ነገር አለ። አዋጅ ነጋሪው ማን እንደ ላከው የታወቀ ነበር። ከራሱ አፍልቆ ቢናገር የሚጠብቀው ቅጣት ቀላል አልነበረም። ነጋሪቱ ራሱ የሥልጣን ምልክት ስለ ነበር ማንም ተነስቶ አይጎስመውም። የአዲስ አበባ እድርም ይህንኑ ሥርዓት በትንሹ ወርሷል። ንጋት ላይ ጥሩምባ የሚነፋው ሰው የሟቹን ስም፣ ቤቱንና የቀብሩን ሰዓት ይናገራል። የእድሩ ዳኛና ጸሐፊ ሳያውቁት ጥሩምባ ነፍቶ ያልሞተን ሰው «ሞተ» ያለ ነፊ ሥራውን የሚያጣው ያንኑ ቀን ነው።

የዛሬው ነጋሪ ነጋሪቱን ከኪሱ ያወጣዋል። የታወቁ አርቲስቶችና ሽማግሌዎች በሕይወት እያሉ ስንት ጊዜ በፌስቡክ «ሞቱ»! ወሬውን ያወጣው ሰው ማግስቱን ሌላ ወሬ ያወጣል፤ የሚከለክለው ዳኛ የለም። ይህ ጠባይ የእኛ ብቻ አለመሆኑን ማወቁ ደግሞ ይጠቅማል። በአሜሪካ የኤም.አይ.ቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2017 በትዊተር የተሰራጩ 126,000 ያህል ወሬዎችን መርምረው ውጤቱን በ2018 በ«ሳይንስ» መጽሔት አሳትመዋል። ሐሰተኛው ዜና ከእውነተኛው ይልቅ ለሌላ ሰው የመተላለፍ ዕድሉ በ70 በመቶ ይበልጣል። ዋናው አስተላላፊ ደግሞ መኪናው ሳይሆን ሰው መሆኑን አረጋግጠዋል። ሐሰቱ አዲስና አስገራሚ ስለሚመስል ሰው ለመንገር ይቸኩላል። አባቶቻችን «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ያሉት ይህን ጠባያችንን አውቀው ነው።

ፎካሪውና አልቃሹ

በግብር አዳራሽ የሚፎክር ጀግና ምን ያደርግ እንደ ነበር እናስታውስ። ይነሳል፣ ዘሩን ይቆጥራል፣ የገደለበትን አውድማ ይጠራል፣ ጎራዴውን ይነቀንቃል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን በአለቃውና አብረውት በዘመቱ ባልንጀሮቹ ፊት ነው። ያልዋለበትን ጦርነት «ዋልሁበት» ቢል እዚያው የሚያሳፍረው ሰው ከጎኑ ተቀምጧል። «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» የሚለው ተረት ሁለቱን ጥፋቶች በአንድ ሐረግ ማሰሩ ያለ ምክንያት አይደለም። ጎፈሬ ጀግና ሰው ሲያጎፍረው ያምራል፤ ሳይገድል ያጎፈረ ግን መሳቂያ ነው።

የዛሬው ፎካሪ ከዋሽንግተንም ሆነ ከሲ.ኤም.ሲ አፓርታማው ሶፋ ላይ ሆኖ የሰው ልጅ ወደ ጦርነት እንዲዘምት ያቅራራል። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት በሰሜን በተነሳው ጦርነት ይህን በሁሉም ወገን አየን። ሽለላው ለሽለላ የማይበቃ ስድብ ሆነ። ፎካሪው አልዘመተም፤ የዘመተው ደግሞ ስልክ አልነበረውም።

አልቃሽዋም አለች። በየአገሩ ሙሾ አውራጅ ሟቹን ሳታውቀው ሟቹን አውቃ የምታስለቅስ ባለሙያ ናት። የእሷ ሥራ የታወቀ ስለ ነበር ማንም «አስመሳይ» አይላትም። የዛሬው አልቃሽ ስለማያውቀው ሟች «ነፍስ ይማር» ጽፎ ወዲያው ወደ ሌላው ይሄዳል። ይህን እንኳ መናቅ አይገባም፤ ባይተዋር ሆኖ የሞተ ሰው ሺህ አልቃሽ ሲያገኝ ለቤተሰቡ መጽናኛ ነው። ከአልቃሹ ጎን ደግሞ ደቦ ጠሪው አለ። ከእኛ ሰፈር ትንሽ ራቅ ብሎ አያት አካባቢ የሚገኘው የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማእከል በ2017 ዓ.ም. ለሕንፃው ማስጨረሻ በዩቲዩብ የቀጥታ ሥርጭት ገንዘብ ሲያሰባስብ፣ አገር ቤትም ውጭም ያለው ሐበሻ ሌሊቱን ሙሉ ሲለግስ አይተናል። ደቦውም በስልክ ውስጥ እንዳለ እዚህ ላይ መመስከር ያስፈልጋል።

ተሟጋቹ

አሁን ወደ ዋናው ሰው ደረስን። በኮሜንት ሥር የሚከራከረው ኢትዮጵያዊ ከየት መጣ? እኔ ምንም አልጠራጠርም፤ የመጣው ከ«በልሃ ልበልሃ» ነው።

የጥንቱ ሙግት በዳኛ ችሎት ብቻ የሚካሄድ አልነበረም። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ከተጣሉ አላፊ አግዳሚውን «ፍረደን!» ይሉታል፤ የተጠየቀው መንገደኛ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ይሰማል። ሌላውም አላፊ ይጨመራል። ሙግቱ ራሱን የቻለ ትርኢት ነበር። ተሟጋቹ በትሩን እያወዛወዘ፣ ነጠላውን እያጣፋ፣ በምሳሌና በቅኔ እያዋዛ ይከራከራል፤ ተመልካቹ ያደንቃል። የዛሬው ፌስቡክ ላይ አንድ ሰው ጽፎ 400 ሰው የሚመልስለት ይኸው የመንገድ ዳር ችሎት ነው፤ ዛፉ ብቻ የለም።

ዛፉ ብቻ ቢሆን ባልከፋ! የጠፋው ሌላ ነው። በጥንቱ ሙግት ተሟጋቾች መጀመሪያ ዋስ ይጠራሉ። ዋስ የሌለው ሰው ከባላጋራው ጋር በነጠላ ጫፍ ወይም በሰንሰለት ይቆራኛል፤ «ቁራኛ» የሚለው ቃላችን ከዚያ የመጣ ነው። ሁለተኛ፣ ውርርድ ነበረ። «ይህ ነገር እንዲህ ካልሆነ ማር ይብላኝ፣ በቅሎ ይብላኝ» ብሎ ንብረቱን የሚያሲዝ ተሟጋች ቃሉን ከመናገሩ በፊት ያስብበታል። ሦስተኛ፣ «በሕግ አምላክ!» የሚባል ቃል ነበረ። የተቆጣ ሰው እጁን ሊያነሳ ሲል ባላጋራው ይህን ቃል ከጠራበት መቆም ነበረበት። አልቆምም ያለ ከሕዝብ ሁሉ ጋር ይጣላል።

የዛሬው ተሟጋች ዋስ አይጠራም፤ ማር አያሲዝም፤ «በሕግ አምላክ» ቢሉትም አይቆምም። እንዲያውም እንዳይቆም የሚገፋው ኃይል አለ። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት የቁጣ ምልክትን ጨምሮ የስሜት ምልክቶችን ከ«ላይክ» አምስት እጥፍ ክብደት ይሰጣቸው እንደ ነበር ከኩባንያው ሾልከው የወጡ ሰነዶች በ2021 አሳይተዋል። ምን ማለት ነው? ሰውን ያናደደ ጽሑፍ ለብዙ ሰው ይታያል፤ ያስተማረው ወደ ታች ይወርዳል። በዛፉ ሥር ባለው ችሎት ተሟጋቾቹን የሚያባላ፣ በየጥሉ ቁጥር ገንዘብ የሚያገኝ ሦስተኛ ሰው ተጨመረ ማለት ነው።

ወፉና ሌባ ሻዩ

የሚቀጥሉት ሁለቱ ሰዎች ከሁሉ ይበልጥ ያስፈሩኛል።

በቀድሞው ዘመን በአንድ አገር ስርቆት ወይም ግድያ ተፈጽሞ ወንጀለኛው ሲሰወር «አውጫጭ» ወይም «አፈርሳታ» ይጠራ ነበር። ነዋሪው ሁሉ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ማንም ወደ ሥራው አይሄድም። ፊት ለፊት መናገር የፈራ ሰው ያወቀውን በምስጢር እንዲናገር ይደረጋል። ይህ ስሙ የማይነገር ጠቋሚ «ወፍ» ይባላል። «ወፍ ነገረኝ» የምንለው አነጋገር ይህንን ያስታውሰናል። የዛሬው ባለ ሐሰተኛ አካውንት፣ የአበባ ሥዕል ለጥፎ የሰው ስም የሚያነሳው ሰው፣ የዚያ ወፍ የልጅ ልጅ ነው። ወፍ ክፉ ብቻ አልነበረም፤ ኃይለኛን የሚፈራ ደሃ እውነትን የሚናገርበት ቀዳዳ ነበር። ዛሬም በሐሰተኛ ስም የሠራተኛ በደልና የሙስና ሥራ ያጋለጡ አሉ። ልዩነቱ ወፍ የተናገረውን ሽማግሌዎችና ዳኞች ይመረምሩት ነበር። የዛሬውን ወፍ የሚመረምረው ማነው?

ሌባ ሻይ ደግሞ ከወፍም የባሰ ነው። አንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ይጠጣል፤ ወገቡ በገመድ ይታሰራል፤ ከዚያ ይለቀቃል። ልጁ እየተንገዳገደ፣ ሕዝቡ እየተከተለው፣ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት «ሌባ» ይባላል። መከራከሪያ የለውም። ይህ ልማድ ስንቱን ንጹሕ ሰው እንዳዋረደ ታይቶ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሥርት ዓመታት ታገደ።

ታገደ እንጂ መንፈሱ አልሞተም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ዘመን በየቀበሌው የ«ማጋለጥ» ስብሰባ ሲጠራ፣ ጣት የተቀሰረበት ወጣት ከዚያ ወዲያ ወዴት እንደ ተወሰደ የዚያ ዘመን እናቶች ያውቁታል። ጥቆማው ከቂም ይምጣ ከእውነት የጠየቀ አልነበረም።

በእኛ ዘመንም ሌባ ሻይ በስልክ ውስጥ ሲሮጥ አይተናል። ፕሮፌሰር መአረግ አማረ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። በመስከረም 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ስማቸውን፣ ፎቶግራፋቸውንና የመኖሪያ አካባቢያቸውን የያዙ የውንጀላ ጽሑፎች በፌስቡክ ተለጠፉ። ልጃቸው ጽሑፎቹ እንዲነሱ ለኩባንያው ደጋግሞ አመለከተ። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፕሮፌሰሩ በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። የሰከረው ልጅ እሳቸው በር ላይ ነበር የወደቀው! ገመዱን ይዞ የነበረው ማን እንደ ሆነ ግን እስካሁን ሙግት ላይ ነው። ልጃቸው ከሌሎች ከሳሾች ጋር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ኩባንያውን በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱም በሚያዝያ 2025 ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን እንዳለው ወስኗል። አንድ ኢትዮጵያዊ ለባሕር ዳር ደም ዋስ ፍለጋ ናይሮቢ ድረስ ሄደ ማለት ነው።

ዝምተኛው

አሁን የቀረን ዝምተኛው ነው። ስሙን የሚያነሳው የለም እንጂ ከሁሉም የሚበዛው እሱ ነው። ያኮብ ኒልሰን የተባለ የዴንማርክ ተወላጅ የኮምፒዩተር አጠቃቀም ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2006 እንደ ጻፈው፣ በእንዲህ ያሉ መድረኮች ከመቶ ሰው 90 ያህሉ ያነባል እንጂ አይጽፍም፤ 9 ያህሉ አልፎ አልፎ ይጽፋል፤ አብዛኛውን ጫጫታ የሚፈጥረው የቀረው 1 ሰው ነው። እንግዲህ «ሕዝቡ እንዲህ አለ» ስንል ስለ ማን ነው የምናወራው? ስለዚያ አንድ ሰው ነው። ዘጠናው ዝም እንዳለ ነው።

በአገራችን ዝምታ ብዙ ትርጉም አለው። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚል ሕዝብ ዝምታን እንደ ጋሻ ይዟል። ጥንት ነገሥታቱ ይህን ያውቁ ስለ ነበር «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ታላላቁ ዝም ሲል ሜዳ ላይ ያለው ልጅ በዘፈኑ ያወጣዋልና። ዛሬም መንግሥት፣ ነጋዴውና ፓርቲው ሁሉ «ፌስቡክ ምን አለ?» እያለ ይጠይቃል። እረኛው ግን በማንም ተከፍሎት አይዘፍንም ነበር። ዛሬ ለመዝፈን የሚከፈለው እረኛ ሞልቷል።

ዋሱ የት ሄደ?

የሰው ዓይነቶቹን ጨረስን። ከላይ እንዳየነው እያንዳንዳቸው ጥንት ልጓም ነበራቸው። ነጋሪው ላኪ ነበረው፤ ፎካሪው የዘመቻ ባልንጀራ፣ ተሟጋቹ ዋስና ውርርድ፣ ወፉ የሚመረምረው ሽማግሌ ነበረው። ልጓም ያልነበረው ሌባ ሻዩ ብቻ ነበር፤ እሱም ታገደ።

ጽሑፍ በመጣ ጊዜም ዋሱ አልጠፋም። በአፄ ምኒልክ ዘመን «አእምሮ» ጋዜጣ በሁለት ደርዘን ያህል ቅጂ በእጅ እየተጻፈ ሲወጣ፣ ማን እንደሚያዘጋጀው ከቤተ መንግሥት እስከ ገበያ የታወቀ ነበር። ከ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ ወዲህ እንደ እንጉዳይ የፈሉት የግል ጋዜጦችና መጽሔቶች በብዕር ስም የተጻፈ ጽሑፍ በገፍ ያትሙ ነበር። አራት ኪሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ተከራይቶ ያነበበ ሁሉ ያስታውሳል። ጸሐፊው ስሙን ቢደብቅም የዋና አዘጋጁ ስም ግን ውስጥ ገጽ ላይ ታትሟል። የሚታሰረውም እሱ ነበር። ብዙዎች ታስረዋል፤ አንዳንዶቹ ያለ አግባብ። ይህን እስራት ማመስገኔ አይደለም። ግን አንባቢው የሚይዘው አንድ ሰው ነበረ፤ ስሕተት ቢገኝ ማረሚያ የሚጠየቅበት ቢሮ ነበረ።

መንግሥት ይህን ክፍተት ሲያይ የወሰደው መፍትሔ ባብዛኛው በሩን መዝጋት ነው። ከ1997 ምርጫ በኋላ የሞባይል አጭር መልእክት ሁለት ዓመት ያህል ተዘጋ። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በማኅበራዊ መገናኛ ሾልኮ ሲሰረዝ፣ ድጋሚው ፈተና በሚሰጥበት ጊዜ ፌስቡክና መሰሎቹ ተዘጉ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ጠፋ። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ደግሞ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በተነሳው አለመግባባት ሰበብ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወር ያህል ታግደው ቆዩ። ለአንድ ሌባ ሲባል ገበያው በሙሉ ተዘጋ። ገበያ ሲዘጋ ደግሞ ሌባው ብቻ አይደለም የሚጎዳው፤ ሽንኩርት ሻጯም ጦሟን ታድራለች። ወሬውም አይቆምም፤ ማስተባበያው ነው የሚቆመው።

ሕጉስ? የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ሥርጭት ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ለዋስ የቀረበ ነገር ሞክሯል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ መገናኛ አካውንት ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ሰው እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ሊደርስበት ይችላል። በሌላ አነጋገር፣ ብዙ ጆሮ ያለው ነጋሪ ከባድ ኃላፊነት አለበት ብሏል። ሐሳቡ የአባቶቻችን ነው። ጥርጣሬው ያለው አፈጻጸሙ ላይ ነው። ሕግ በአንዱ ነጋሪ ላይ ብቻ የሚወርድ ከሆነ ዋስ መሆኑ ቀርቶ በትር ይሆናል። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የዞን ዘጠኝ ጦማርያን ሲታሰሩ የተከሰሱበት በሌላ ሕግ ቢሆንም፣ የጻፉትን በስማቸው የጻፉ ሰዎች መሆናቸውን ልብ ይሏል። በስሙ የጻፈው ሲታሰር ያየ ሰው ቢጽፍ በወፍ ስም ነው የሚጽፈው።

እንግዲያስ ምን እናድርግ? ከባሕር ማዶ ያለው ኩባንያ ዋስ እስኪሆነን ድረስ ዓመታት ሊወስድ ይችላል፤ ናይሮቢ ያለው ሙግትም ገና ነው። የቅርቡ ዋስ በየግሩፑ አለ። እድር ዳኛ እንዳለው ሁሉ ግሩፕም አድሚን አለው። በሰፈራችን የአንድ ግቢ አድሚን፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ አንድ ደንብ አውጥተዋል፤ የሰው ስም የሚያነሳ ወሬ የላከ «አየህ ወይስ ሰማህ?» ተብሎ ይጠየቃል። «ሰማሁ» ካለ «ከማን?» ይባላል። መመለስ ካልቻለ መልእክቱ ይነሳል። መጀመሪያ ላይ ብዙ ሰው ተቆጥቶ ነበር፤ ሁለት ሰዎችም ግሩፑን ጥለው ወጡ። መምህሩ ግን ጥያቄያቸውን አልተዉም። ጥያቄው ከዚያ ከዛፉ ሥር የተወረሰ የምስክር ጥያቄ ነው፤ አንድም ብር፣ አንድም አዋጅ አይፈልግም።

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይላሉ። ከጣትም ከወጣ እንዲሁ ነው። «ሰማሁ» ብሎ የሚያስተላልፍ ሁሉ አንድ ቀን ወደማያውቀው ሰው በር የሚሮጠውን ያንን የሰከረ ልጅ ገመድ ይዞ ሊገኝ ይችላል።